የምትሰሙትን ሙዚቃ ሰው ከፍቶ እንዲሰማው አድርጎ ማካፈል፦ ደረጃ በደረጃ

«የምወደውን ዘፈን እልካለሁ፤ ግን ከፍቶ የሚሰማልኝ የለም። ምን ላድርግ?»

ይህ ጥያቄ በተለያየ አነጋገር ደጋግሞ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ የሚሰሙት ሙዚቃ ለየቅል ነው። አንዱ ጃዝ ወዳድ ነው፤ ሌላዋ ከሬጌ አትወጣም፤ ሌላው ክላሲካል ብቻ ነው። ችግራቸው ግን አንድ ነው። ሊንክ ይልካሉ፣ «ዋው፣ ስሙት!» ይላሉ፣ ከዚያ ዝም ይባላሉ።

የላኩትን መልእክት እንዲያሳዩኝ ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የማየው ይህን ነው፦ ዘፈኑ ተልኳል፤ እንዴት እንደሚሰማ ግን አልተነገረም። ጃዝ ያልለመደ ሰው የ9 ደቂቃ ጃዝ ሲደርሰው ጆሮውን የት ላይ እንደሚያደርግ አያውቅም። 40 ሰከንድ ሰምቶ ይዘጋዋል። አይፈረድበትም። ይህ መመሪያ የሚያሳየው አንድን ሙዚቃ ከማያውቀው ዘውግ ለመጣ ሰው በሩን ከፍቶ የማስገባት ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ጊዜ ካጠራችሁ ደረጃ 3ን ብቻ አንብቡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ስልክ ወይም ኮምፒውተር፣ ከምትሰሙበት አፕ ጋር
- ማዳመጫ። ርካሽም ቢሆን ይበቃል፤ ከስልክ ስፒከር ግን የግድ ይሻላል። ምክንያቱን ሬጌ ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ።
- የስልካችሁ ማስታወሻ መጻፊያ
- ሻዛም ወይም ዘፈን የሚለይ ሌላ አፕ
- አንድ መረጃ፦ የምትልኩለት ሰው ሙዚቃ የሚሰማው በምንድን ነው? ዩቲዩብ፣ ስፖቲፋይ፣ አፕል ሚዩዚክ ወይስ ቴሌግራም? ካላወቃችሁ አሁኑኑ ጠይቁት።
- ዘፈኑን ሁለት ጊዜ ለመስማት የሚበቃ ጊዜ

ደረጃ 1፦ አንድ ዘፈን ምረጡ

አንድ ብቻ። በዚህ ሳምንት የሰማችኋቸው 15 ዘፈኖች ሁሉም ቆንጆ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን 15 ሊንክ የደረሰው ሰው የቱን እንደሚያስቀድም ስለማያውቅ «በኋላ እሰማዋለሁ» ብሎ ያልፋል። ያ «በኋላ» አይመጣም።

ለመምረጥ ከተቸገራችሁ ሳታስቡት መልሳችሁ የከፈታችሁት የትኛውን ነው? እሱን ላኩ። ስለምታውቁት ዘፈን የምትናገሩት ነገር አይጠፋም።

ደረጃ 2፦ ሙሉ ስሙን አጣሩ

ማስታወሻችሁ ላይ እነዚህን ጻፉ፦ የዘፋኙ ወይም የተጫዋቹ ስም፣ የዘፈኑ ርዕስ፣ አልበሙ፣ የተቀረጸበት ዓመት። ሊንክ ሊጠፋ ይችላል። ቪዲዮው ሊነሳ ወይም በሰውየው አገር ላይከፈት ይችላል። ያን ጊዜ ስሙ ካለው ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል።

ዓመቱን ስትጽፉ ተጠንቀቁ። አፖች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ዓመት ዘፈኑ እንደገና የወጣበት ነው። ርዕሱ አጠገብ «ሪማስተር» የሚል ካያችሁ ድምፁ በኋላ ተስተካክሎ ታትሟል ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ቅጂ ከዚያ ብዙ ዓመት ሊቀድም ይችላል።

ስሙን ካላወቃችሁት ሻዛም ክፈቱና አሰሙት። ሻዛም የሚሠራው የቅጂውን የድምፅ አሻራ መዝገቡ ውስጥ ካሉት ጋር በማመሳሰል ነው። ስለዚህ ሰው በአካል ሲዘፍን ወይም መድረክ ላይ ሲጫወት ብታሰሙት ብዙ ጊዜ አያውቀውም። መዝገቡ ውስጥ የሌለ የድሮ ካሴት ቅጂም እንደዚሁ ነው።

የአማርኛ ዘፈን ስትፈልጉ ሌላ ጣጣ አለ። አንዱ ርዕስ አንድ ቦታ በፊደላችን፣ ሌላ ቦታ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ የላቲኑም አጻጻፍ እንደ ጫኙ ይለያያል። በፊደላችንም ቢሆን «ሀ» እና «ሐ»፣ «ሰ» እና «ሠ» ሲቀያየሩ ፍለጋው ባዶ ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ «ፈልገህ ስማው» አትበሉ። ራሳችሁ አግኙትና ትክክለኛውን ሊንክ ስጡ።

ደረጃ 3፦ እንደ ዘውጉ የሚያስፈልገውን መረጃ ጨምሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ለፖፕ ዘፈን የዘፋኙ ስምና ርዕሱ ይበቃል። ለሌሎቹ ግን አይበቃም፤ የማይበቃበት ምክንያትም ከዘውግ ዘውግ ይለያያል።

*ጃዝ።* አንድን ዜማ ብዙ ሰዎች፣ አንዱም ሙዚቀኛ ራሱ ደጋግሞ ይቀርጸዋል። ርዕሱን ብቻ ከላካችሁ ሰውየው ሌላ ቅጂ ሊሰማ ይችላል። የባንዱን መሪ፣ አልበሙንና ዓመቱን ጻፉ። ከዚያ አካሄዱን አስረዱት። በብዙ የጃዝ ቅጂዎች መጀመሪያ ዋናው ዜማ ይመጣል። ቀጥሎ ተጫዋቾቹ ተራ በተራ በዚያ ዜማ ላይ የራሳቸውን ይፈጥራሉ። መጨረሻ ላይ ዜማው ይመለሳል። ይህን የማያውቅ ሰው መሃል ላይ «ዘፈኑ ጠፋ» ብሎ ያስባል። «ከ2ኛው ደቂቃ ጀምሮ ሳክስፎኑ ነው፤ እሱን ብቻ ተከተል» ስትሉት መንገድ ያገኛል።

*ክላሲካል።* የደራሲው ስም፣ የሥራው ስምና ቁጥር፣ ኦርኬስትራው፣ መሪው፣ ስንተኛው ክፍል እንደሆነ፤ አምስቱም ያስፈልጋሉ። የቤትሆቨንን 5ኛ ሲምፎኒ እንውሰድ። አራት ክፍል አለው። አፖች ላይ እያንዳንዱ ክፍል ብዙ ጊዜ ለብቻው እንደ አንድ ዘፈን ይቀመጣል። ያገኛችሁትን የመጀመሪያ ሊንክ ብትልኩ ሰውየው የሚሰማው አንዱን ክፍል ብቻ ነው፤ ሲምፎኒው ያለቀ ይመስለዋል። ሌላም አለ። 3ኛው ክፍል ሳይቆም ቀጥታ ወደ 4ኛው ይገባል። እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ባለ ክር መሣሪያዎቹ ዝግ ብለው በያዙት ድምፅ ሥር ቲምፓኒ የሚባለው ከበሮ በሹክሹክታ ሲመታ ይቆያል። ከዚያ መላው ኦርኬስትራ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። አፑ ሹፍል (ቅደም ተከተሉን እያቀላቀለ የሚያጫውተው) ላይ ከሆነ ይህ መሻገሪያ ይቆረጣል፤ የሥራው ትልቁ ቅጽበት ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ የአልበሙን ሊንክ ላኩና «ሹፍሉን አጥፋና ከ3ኛው ጀምር» በሉት። ዝግ ያለው ቦታ አውቶቡስ ውስጥ ስለማይሰማ ጸጥ ያለ ቦታ እንዲሆንም ንገሩት።

*ሬጌ።* እዚህ ዋናው ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ዝቅተኛ ድምፅ ነው። ብዙ ጊዜ ዜማውን ተሸክሞ የሚሄደው እሱ ነው። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር 41 ኸርዝ አካባቢ ይጮኻል። የስልክ ስፒከር ትንሽ ስለሆነ ያን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ አያወጣም። በስልክ ስፒከር ሬጌ የሰማ ሰው ግማሹን አልሰማም። «በማዳመጫ ስማው» የሚለውን ቃል አትርሱ። በተጨማሪ «ሪዲም» የሚባል ነገር አለ። አንዱን የቤዝና የድራም መሠረት ብዙ ዘፋኞች የየራሳቸውን ግጥምና ዜማ ይዘፍኑበታል። የሪዲሙን ስም ከጻፋችሁ ሰውየው ሌሎቹንም ማግኘት ይችላል። «ደብ» የሚል ከተጻፈበት አብዛኛው ድምፅ ተቀንሶ ቤዙና ድራሙ የጎሉበት ቅጂ ነው። ዘፋኙን እየጠበቀ እንዳይሰለች አስቀድማችሁ ንገሩት።

*ኤሌክትሮኒክ።* የሚክሱ (የቅጂው ዓይነት) ስም የግድ ነው። «ኤክስቴንድድ» የሚባለው ቅጂ ዲጄዎች ከሌላ ዘፈን ጋር እንዲያጋጥሙት ተብሎ የተሠራ ስለሆነ መጀመሪያው ላይ ድራም ብቻ ለረጅም ጊዜ ሊመታ ይችላል። ለአዲስ ሰው «ሬዲዮ ኤዲት» የሚለውን አጭሩን ላኩለት። ከወደደው ረጅሙን ራሱ ይፈልጋል።

*ሂፕ ሆፕ።* የራፐሩ፣ አብሮ የገባው ሰውና ቢቱን (ከግጥሙ ሥር ያለውን ሙዚቃ) የሠራው ፕሮዲውሰር ስም። የሳባችሁ ግጥሙ ከሆነ የትኛው ቨርስ (የግጥም ክፍል) እንደሆነ ለዩ። ቋንቋው ለሰውየው ካልገባው የወደዳችኋትን አንድ ሁለት መስመር ሐሳብ በራሳችሁ አባባል ጻፉለት። ሂፕ ሆፕ ያለ ግጥሙ ጎዶሎ ነው።

*የባህል ሙዚቃ።* ርዕስ ብቻውን እዚህ ምንም አይጠቅምም። «ትዝታ» ብላችሁ ብትጽፉ የቅኝቱም ስም ነው፣ የዘፈኑም ስም ነው፤ ያልዘፈነው ድምፃዊ ማግኘት ይከብዳል። የዘፋኙን ስም፣ መሣሪያው ክራር ይሁን ማሲንቆ ወይም ባንድ፣ ከቻላችሁም ቅኝቱን ጨምሩ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይስ አንቺ ሆዬ? የሌላ አገር ሰው ከሆነ ቅኝት አምስት ድምፆች ያሉት የዜማ መሰላል እንደሆነ በአንድ መስመር ብትነግሩት ይበቃዋል።

ሮክ ከሆነ የስቱዲዮው ይሁን የመድረኩ ቅጂ ጻፉ፤ አንዳንዴ አንድ ዘፈን መሆናቸው እስከሚያጠራጥር ይለያያሉ።

ደረጃ 4፦ ቦታዋን ያዙ

ዘፈኑን እንደገና ስሙ። የምትወዷት ቦታ ስትደርስ ደቂቃዋንና ሰከንዷን ጻፉ። ረጅም ሙዚቃን ለማያውቀው ሰው ከሚያቀልሉ ነገሮች ሁሉ ይህችን የሚያህል የለም። 9 ደቂቃ ስጥ ሲባል የሚፈራ ሰው አንድ ደቂቃ ተኩል አይነፍግም።

ኮምፒውተር ላይ ዩቲዩብ የምትጠቀሙ ከሆነ ሼር ስትጫኑ ከየት እንደሚጀምር የሚጠይቅ ትንሽ ሳጥን ይመጣል። ምልክት አድርጉበት፤ ሊንኩ ቀጥታ እዚያ ሰከንድ ላይ ይከፍታል። ሌላ ቦታ ከሆነ በጽሑፍ ንገሩት። «2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ላይ» ብላችሁ ጻፉ። በቁጥር ብቻ «ከ2፡10 ጀምሮ» ሲባል የቀን ሰዓት የሚመስለው ሰው አጋጥሞኛል። ዘፈኑን ለማታ አስቀምጦልኝ ነበር።

ደረጃ 5፦ ሰውየው የሚከፍተውን ሊንክ አዘጋጁ

እናንተ የምትሰሙበት አፕ እሱ ጋ ላይኖር ይችላል። አፑን አውርድ፣ ተመዝገብ የሚል ገጽ የመጣበት ሰው ዘፈኑን ይተወዋል። ስለዚህ በሱ አፕ ፈልጋችሁ ላኩለት። ብዙ ሰው ያለበት ግሩፕ ከሆነ ኦዴስሊ የሚባለው አገልግሎት ይረዳል። አንዱን ሊንክ ስትሰጡት ዘፈኑ በሌሎቹ አፖች የት የት እንዳለ የሚያሳይ አንድ ገጽ ይሰጣችኋል፤ ሁሉም የራሱን ይመርጣል። ከመላካችሁ በፊት ግን ከፍታችሁ አረጋግጡ። አንዳንዴ ሌላ ቅጂ ያመጣል፤ በተለይ ጃዝና ክላሲካል ላይ።

ስለ ዳታም አስቡለት። በሰከንድ 160 ኪሎቢት የሚሄድ የ5 ደቂቃ ድምፅ 6 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል። ቪዲዮ ሲሆን ብዙ እጥፍ ነው። የሚታይ ነገር ከሌለው የድምፁን ሊንክ ላኩ።

የስፖቲፋይ ሊንክ ላይ ከጥያቄ ምልክቱ ጀምሮ ያለውን ጭራ ብታጠፉት ዘፈኑ ያው ይከፈታል። ያ ጭራ ማጋራቱን የሚከታተል ምልክት ነው። የዩቲዩብ ሊንክ ላይ ግን እንዲህ አታድርጉ፤ ቪዲዮውን የሚለየው ኮድ ወይም የያዛችሁት ሰከንድ ከምልክቱ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 6፦ ሁለት ሦስት መስመር ጻፉ

ለእህቴ መጀመሪያ የላክሁት ጃዝ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ምርጥ ነው፣ ስሚው።» አልሰማችውም። ከሳምንት በኋላ ያንኑ ዘፈን በዚህ መልእክት ላክሁት፦

«9 ደቂቃ ነው፤ ግን ከ2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ እስከ 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ብቻ ስሚልኝ። ሳክስፎኑ እየጮኸ፣ እየጮኸ ሄዶ ድንገት ዝም ይላል። ቤዙ ብቻውን ይቀራል። ትናንት ዕቃ ሳጥብ እዚያ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። በማዳመጫ ይሁን።»

ማታውኑ መልስ መጣ። «ቤዙ ብቻውን ሲቀር የሆነ ሰው ከክፍል የወጣ ነው የሚመስለው» አለችኝ። እኔ እንደዚያ አስቤው አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው መልእክት ውስጥ ምን እንዳለ ልብ በሉ። ርዝመቱ ተነግሯል። የት እንደሚጀመር አለ። በጆሮ የሚያዝ አንድ ነገር ተጠቁሟል። እኔ የት ሆኜ እንደሰማሁትም አለ። «ምርጥ»፣ «ገራሚ»፣ «አንደኛ» የሚሉት ቃላት ግን የሉም፤ ለማንኛውም ዘፈን ስለሚሠሩ ስለዚህኛው የሚነግሩት የለም።

የሙዚቃ ቃል አለማወቅ አያግዳችሁም። «ጊታሩ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ነው» ማለት ከየትኛውም ሙያዊ ቃል በላይ ያስረዳል።

ደረጃ 7፦ በትክክለኛው ቦታ ላኩ

ከባድ ወይም ያልተለመደ ሙዚቃ ለአንድ ሰው በግል ሲላክ ይሰማል። ግሩፕ ውስጥ ሁሉም ሌላው እንዲከፍተው ይጠብቃል። ስቶሪና ስታተስ ላይ የሚያየው ሰው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሚሰማ ቶሎ የሚይዝ ቦታ ያለው ዘፈን ምረጡ። ግሩፕ ካላችሁና ሁላችሁም የተለያየ ዘውግ የምትሰሙ ከሆነ የጋራ ፕሌይሊስት ክፈቱ፤ በሳምንት ከአንድ ሰው አንድ ዘፈን። ቁጥሩ ካልተገደበ አንዱ 40 ዘፈን ይጭንና የሌላው ይዋጣል።

ደረጃ 8 (ከፈለጋችሁ)፦ የሰማችሁት ራሱ እንዲመዘገብ አድርጉ

ላስት ኤፍኤምና ሊስንብሬይንዝ የሚባሉት አገልግሎቶች የምትሰሙትን እየተከታተሉ በገጻችሁ ላይ ይዘረዝራሉ። ላስት ኤፍኤም አንድን ዘፈን የሚቆጥረው ርዝመቱ ከ30 ሰከንድ በላይ ሲሆንና ግማሹን ወይም 4 ደቂቃውን ስትሰሙት ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ይያዛል። «ባለፈው ወር ያቺ ዘፈን ማን ነበረች?» ብላችሁ ለምትቸገሩ በጣም ይጠቅማል። ለሰው ማካፈልን ግን አይተካም። ዝርዝር ጆሮን የት እንደሚጥሉ አይናገርም።

ደረጃ 9፦ መልሱን በትክክል ጠይቁ

«እንዴት ነው?» ካላችሁ «ጥሩ ነው» ይመጣል፤ ወሬው እዚያው ያልቃል። «ቤዙ ብቻውን ሲቀር ምን ተሰማህ?» በሉ። ካልወደደውም አትከራከሩ። «የቱ ጋ ሰለቸህ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ቀጣዩን ለመምረጥ ይረዳችኋል። እሱም የሚሰማውን ሲልክላችሁ ሙሉውን ስሙለት። ያልሰማችሁትን «ሰምቼዋለሁ» አትበሉ፤ አንድ ጥያቄ ሲጨመርበት ይታወቃል።

ማስጠንቀቂያ

- ድምፁ በድንገት የሚጮህበት ቦታ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩ። ዝግ ያለውን ለመስማት ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው ማዳመጫው ጆሮው ላይ እያለ ሊደነግጥ፣ ሲብስም ጆሮው ሊጎዳ ይችላል።
- ስድብ ወይም ለልጅ የማይሆን ግጥም ካለበት ከሊንኩ በፊት ጻፉ። የሥራ ቦታ ላይ በስፒከር ሊከፍተው ይችላል።
- የማታውቁት ቋንቋ ዘፈን ከሆነ ትርጉሙን ሳታዩ ለቤተሰብ ግሩፕ አትላኩ።
- የምትሰሙት ለወዳጆቻችሁ በራሱ እንዲታይ ያደረጋችሁ ከሆነ ሁሉም ይታያል፤ ሌሊት የሰማችሁትም ጭምር። ስፖቲፋይ ላይ «ፕራይቬት ሴሽን» የሚለውን ስታበሩ ለጊዜው ይደበቃል። ግን ራሱ ሊጠፋ ስለሚችል በየጊዜው አረጋግጡ።
- የዘፈን ፋይል ከማስተላለፍ ሊንክ ይሻላል። ፋይሉ የባለቤቱን መብት ይነካል፤ ሙዚቀኛው ከመደመጡ የሚያገኘውም ይቀርበታል።

የተለመዱ ስህተቶች

*ስክሪንሹት መላክ።* ምስል ተጭኖ ዘፈን አይከፈትም። ሰውየው ስሙን በእጁ መጻፍ አለበት፤ አብዛኛው ሰው አይጽፈውም። ምስሉን ከወደዳችሁት ሊንኩን ከሥሩ አስቀምጡ።

*ስም የሌለው ፋይል።* ቀንና ተራ ቁጥር ብቻ ያለው ፋይል ሲዞር ሲዞር የዘፋኙ ስም ይጠፋል። እንዲህ ያለ ከደረሳችሁ መጀመሪያ በሻዛም ስሙን አግኙ።

*ከስፒከር ቀርጾ በድምፅ መልእክት መላክ።* የድምፅ መልእክት የተሠራው ለንግግር ነው። ቤዙም፣ ቀጭኑ የሲምባል ድምፅም ይጠፋል። ለአዲስ ሰው የዘውጉ መጀመሪያ ይህ ከሆነ ዳግም አይሞክረውም።

*በዘውግ ስም ብቻ ማስተዋወቅ።* «ጃዝ ነው» ሲባል «እኔ ጃዝ አልወድም» የሚል መልስ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ዘውጉን ከመጥራታችሁ በፊት የሚሰማውን ነገር ንገሩት። ከወደደው በኋላ ስሙን ይጠይቃችኋል።

*በጣም ከሩቅ መጀመር።* ሂፕ ሆፕ ብቻ ለሚሰማ ሰው የአንድ ሰዓት ሲምፎኒ አትላኩ። ከሚወደው ጋር አንድ የጋራ ነገር ያለውን ፈልጉ፤ ቢት፣ ቤዝ፣ ወይም ድምፀ ጎርናና ዘፋኝ። ብዙ የሂፕ ሆፕ ቢቶች ከድሮ የጃዝና የሶል ቅጂዎች በተወሰደ ቁራጭ ላይ የተሠሩ ናቸው። የሚወደው ቢት ቁራጩ ከየት እንደመጣ ፈልጋችሁ ዋናውን ቅጂ ላኩለት፤ ቁራጩ የሚመጣበትን ሰከንድ ጽፋችሁ። ሲደርስበት ራሱ ይደውልላችኋል።